የአጎቴ ሁለት ሞዴል አውሮፕላኖች፦ ሽፋናቸውን ላጽዳው ወይስ ገፍፌ አዲስ ላልብሳቸው?

የአዳማዋ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት። ዕድሜውን ሙሉ በአውሮፕላን ጥገና የኖረው አጎቴ በእጁ የሠራቸው ሁለት ሞዴል አውሮፕላኖች ወደ እኔ መጥተዋል። የምኖረው አዳማ ነው። አውሮፕላኖቹ ለረጅም ጊዜ የተቀመጡት ከኮርኒስ በላይ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነበር። የከተማችንን ሙቀትና አቧራ የሚያውቅ ሰው አሁን ምን እንደሚመስሉ መገመት አያቅተውም።

አንደኛው ቢጫ ነው፤ ክንፉ ከላይ የተጫነ፣ ትንሽ የነዳጅ ሞተር ያለው። ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ይመስላል። ከሞተሩ ጀምሮ እስከ ሆዱ ድረስ ቡናማና ጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር ለብሷል፤ አቧራውም በላዩ ደርቆበታል። ክንፉ ላይ ሽፋኑ ተሸብሽቧል፣ አንዳንድ ቦታም አየር ቋጥሮ አብጧል።

ሁለተኛው ሞተር የሌለው ተንሸራታች ነው። ሽፋኑ ከሽንኩርት ልጣጭ የማይወፍር ወረቀት ሲሆን ቢጫ ሆኗል፤ ሁለት ቦታ ተበስቷል፣ አንድ ቦታ ደግሞ ተቀድዷል። ወደ ብርሃን ሳነሣው የክንፉ አጥንቶች በወረቀቱ ውስጥ አንድ በአንድ ይታያሉ። በአንደኛው አጥንት ላይ አጎቴ በእርሳስ የጻፈው «ግራ 3ኛ» የሚል ጽሑፍ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ጎረቤቴ ቀለም ቀቢ ነው፤ «በቲነር ጥረጊው» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ገፍፈሽ አዲስ አልብሺው» ይላል። ላበራቸው አላሰብኩም፤ ሳሎን ውስጥ እንዲቀመጡ ነው የምፈልገው። ነገር ግን ያያቸው ሰው የአጎቴን እጅ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

---

ጡረተኛው መካኒክ

ልጄ፣ ቲነሩን ለጎረቤትሽ መልሺለት። የወረቀቱ ሽፋን የተቀባው ዶፕ በሚባል ፈሳሽ ነው፤ ዶፕን ደግሞ ቲነር ወዲያው ያሟሟዋል። አንድ ጊዜ ስትጠርጊው ወረቀቱ በእጅሽ ላይ ይቀራል። የቢጫውን ፕላስቲክ ራሱን ቲነር ባይበላውም፣ በየጠርዙ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። በአንዳንዶቹ ሽፋኖች ቀለሙ ያለው እዚያው ማጣበቂያው ውስጥ ስለሆነ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል።

ሳትነኪያቸው በፊት የሁለቱን ማንነት ለዪ። ጽዳቱም ጥገናውም የሚወሰነው በዚህ ነው። ድሮ ሞዴል አውሮፕላን የሚሸፈነው በስስ ወረቀት ወይም በሐር ጨርቅ ነበር፤ በላዩ ዶፕ ይቀባል፣ ዶፑ ሲደርቅ ሽፋኑን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖችም በጨርቅና በዶፕ የተሸፈኑበት ዘመን ነበር፤ አጎትሽም ይህን ሙያ ከዚያ አምጥቶት ይሆናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሞኖኮት የተባለው በሙቀት የሚኮማተር የፖሊስተር ሽፋን መጣ፤ በኋላም ኦራኮቨርና ሶላርፊልም የመሳሰሉት ተከተሉ።

ቢጫው ከእነዚህ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ በግምት አይወሰንም፤ ሶላርፊልም የተሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ ነው፣ ሞኖኮትና ኦራኮቨር ግን ፖሊስተር ናቸው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ፖሊስተር ግን እስከ 250 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ለአንዱ የሚስማማው ካውያ ሌላውን ይበሳዋል።

መለያው ቀላል ነው። ክንፉ ከገላው ጋር ከሚገጥምበት፣ ከማይታየው ቦታ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሽፋን ቁረጪ። ማጣበቂያውን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጥረጊላት። ከዚያ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ባለበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ገፍተሽ አስጥሚያት። ፖሊስተር ከውኃ ስለሚከብድ ሰምጦ ይቀራል፤ ፖሊፕሮፒሊን ተመልሶ ይንሳፈፋል። ሳሙናው የሚያስፈልገው ውኃው ራሱ ቁራጯን በፊቱ ላይ ይዞ እንዳያታልልሽ ነው።

---

ባልሳ ቆራጭ

የጋሼ ምክር ትክክል ነው። እኔ ስለዚያ ቡናማ ነገር ልጨምር።

የሚጣበቀው ነገር የጉሎ ዘይት ነው። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ነዳጅ ሜታኖል ሲሆን፣ ለማለስለሻ የጉሎ ዘይት ወይም ሰው ሠራሽ ዘይት ይደባለቅበታል። ዘይቱ ሳይቃጠል ከጭስ ማውጫው ጋር እየወጣ ሆዱ ላይ ይረጫል፤ ሙቀትና ጊዜ ሲያገኘው እየጠነከረ ቫርኒሽ ወደ መሆን ይሄዳል።

የጉሎ ዘይት ከምግብ ዘይቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ በአልኮል ይሟሟል። ሜታኖል ውስጥ የሚደባለቀውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ፋርማሲ ውስጥ አለ። ባለ 70 በመቶው ውኃ ስለሚበዛበት ይደክማል፤ 95 ወይም 96 በመቶ የሚለውን ጠይቂ።

መጀመሪያ ግን ደረቁን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ አውጪ። የአዳማ አቧራ ደቃቅ አሸዋ አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ብታሺው ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል። ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ላርጎ ጠብ አድርገሽ፣ ጨርቁን በደንብ ጨምቀሽ ጥረጊ። ፈሳሹን በቀጥታ አውሮፕላኑ ላይ አትርጪ፤ በየጠርዙ ሰርጎ ባልሳው ውስጥ፣ ማለትም አጽሙ የተሠራበት ቀላል እንጨት ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጥጥ በአልኮል አርሰሽ ቡናማው ላይ ለጥቂት ጊዜ አሳርፊ፣ ሲለሰልስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጊ፣ ጥጡንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ያንኑ ጥጥ ከመለስሽው ያነሣሽውን ዘይት መልሰሽ ትቀቢዋለሽ። በጣም የጠነከረውን ባገለገለ የሞባይል ካርድ ጠርዝ ቀስ ብለሽ ማንሣት ይቻላል፤ ምላጭ ግን አታቅርቢ።

በእጅ የተጻፈ ቁጥር ወይም የተቀባ መስመር ካለ በአልኮል ከመንካትሽ በፊት በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ዳር ላይ ሞክሪ። ጥጡ ቀለም ከያዘ ያንን ቦታ በሳሙና ውኃ ብቻ እለፊው። አልኮሉም እሳት ይወዳልና መስኮት ከፍተሽ፣ ከምድጃ ርቀሽ ሥሪ።

---

ክንፈ ነፋስ

እኔ በሌላ በኩል ቆሜ ልከራከር። የአክስትሽ ልጅ ያለው ከንቱ ሐሳብ አይደለም። ዘይት ከሽፋኑ ሥር ገብቶ ባልሳውን ካራሰ፣ ላዩን ምንም ብታጸጂው እንጨቱ ይለሰልሳል፣ የተጣበቀው ይላቀቃል፣ ሽፋኑም በዚያ ቦታ ዳግም አይይዝም። ከኮርኒስ በላይ የኖረ ነገር ደግሞ ምስጥ ገብቶበት እንደሆነ ሳይገለጥ በምን ይታወቃል? እኔ በሚበሩ ሞዴሎች ላይ ሁልጊዜ ሽፋኑን እገፍፋለሁ። አጥንቱን አይቼ፣ የተሰበረውን ጠግኜ፣ አዲስ አለብሳለሁ። ጤናማ አጽም ከቆንጆ ልብስ ይበልጣል።

---

ቅርስ ወዳድ

ክንፈ ነፋስ ለሚበር ሞዴል ያልከው ልክ ነው፤ ክንፍ በአየር ላይ ቢሰበር ሰው ይጎዳል። እህታችን ግን አላበርም ብላለች። ለእይታ የሚቀመጥ ነገር ሕጉ ሌላ ነው።

ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን አስቡ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በረረች፣ ወደ ጣሊያን ተወሰደች፣ በ2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ሰው ሊያያት የሚጓጓው አዲስ ስለምትመስል ነው? ያኔ የነበሩ እጆች የነኳት እሷ ራሷ ስለሆነች ነው። «ግራ 3ኛ» የሚለው የእርሳስ ጽሑፍ የሚነበበው ያ አሮጌ ወረቀት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ወረቀቱ ከተገፈፈ ዶፑ ከእንጨቱ ጋር ስለተያያዘ የአጥንቱን ፊት አብሮ ይልጠዋል፤ ጽሑፉም ይሄዳል። የተገፈፈውን ሽፋን ደግሞ ማንም መልሶ ሊያለብሰው አይችልም።

የምስጡ ስጋት ሳይገፈፍም ይጣራል። በጨለማ ክፍል ከኋላ የእጅ ባትሪ አብሪበት፤ የተበላ አጥንት ጥላው የተቆራረጠ ይሆናል። ነጭ ወረቀት ላይ ይዘሽ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ምቺው፤ ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ከረገፈ ነፍሳት አለበት ማለት ነው።

ለወረቀቱ ጽዳት አልኮልም ሆነ ብዙ ውኃ አይሆንም። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይዘሽ ከአጥንት ወደ አጥንት አቧራውን ጥረጊ፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ አትጫኚው። የዝንብ ነጠብጣብ ካለበት በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ላይ ትንሽ ምራቅ ይበቃል። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በሙዚየም የሚሠሩ የጥገና ባለሙያዎች የሥዕል ፊት በምራቅ ያጸዳሉ። ምራቅ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ውኃ ብቻውን የማያላቅቀውን እድፍ ያላቅቃሉ። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ትንሽ በረጠበ ጥጥ አንሽው። ቢጫነቱን ግን ተዪው፤ የዶፑና የወረቀቱ ዕድሜ ስለሆነ የሚያነጣው ነገር ሁሉ ያጠፋዋል። በረኪና የሚል ሰው ቢመጣ አትስሚው።

---

የአዳማዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሞከርኩት፤ ቁራጯ ሰመጠች። ስለዚህ ፖሊስተር ነው። በባትሪ ብርሃን ስመረምረው የምስጥ ምልክት የለም፤ በነጩ ወረቀት ላይም የረገፈ ዱቄት አላየሁም። ቡናማው በአልኮል እየለቀቀ ነው፤ ጥጡ የሻይ ቀለም ይዞ ይነሣል፣ ከሥሩ ቢጫው ልክ እንደ ክንፉ ሆኖ ይወጣል። ከሞተሩ ጀርባ ያለው እንጨት ግን ጠቁሯል፣ ጥፍሬን ስጫነው ይረጥባል።

የተሸበሸበውን በልብስ ካውያ ማስተካከል ይቻላል? ሙቀቱን ለመለካት የግንባር ሙቀት መለኪያ አለን፤ ካውያው ላይ ሳነጣጥረው ግን ቁጥር አያሳይም።

---

ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

በልብስ ካውያ እኔ ሠርቻለሁ፤ ይቻላል። ውኃውን ሙሉ በሙሉ ድፊው፤ እንፋሎት ጠላትሽ ነው። የካውያውን ፊት ባረጀ የጥጥ ካናቴራ ሸፍነሽ በደንብ እሰሪው፤ ፕላስቲኩ እንዳይቧጨር ያደርጋል።

ሥራው ሁለት ደረጃ አለው፤ ብዙ ሰው ግን የመጀመሪያውን ይዘልለዋል። በመጀመሪያ በዝቅተኛ ሙቀት ጠርዞቹን በሙሉ ዳግም አጣብቂ፦ የክንፉን የፊት ጠርዝ፣ የኋላ ጠርዝ፣ ጫፉን። ጠርዙ ሳይያዝ መሐሉን ብታሞቂው ሽፋኑ ሲኮማተር ከጠርዙ ይሸሻል፤ ከዚያ በኋላ ጎትተሽ አታደርሺውም። ጠርዙ ከያዘ በኋላ ሙቀቱን ጨምረሽ በመሐሉ ላይ ካውያውን ሳትጫኚ አንሸራትቺው። ሽብሽቡ ዓይንሽ እያየ ይጠፋል።

ያበጡት ቦታዎች ከሥራቸው ሙሉ እንጨት ካለ በቀጭን መርፌ አንድ ጊዜ ውጊና አየሩ እንዲወጣ ከዳር ወደ ቀዳዳው ካውያ አሳልፊ። ከሥሩ ባዶ ከሆነ መርፌ አያስፈልግም።

ለሙቀቱ እኔ የውኃ ጠብታ ነው የምጠቀመው። ካውያው ላይ ጠብ ሳደርግ ወዲያው ከፈላ መቶ ዲግሪ ደርሷል ማለት ነው፤ ለጠርዝ ይበቃል።

---

ባልሳ ቆራጭ

ሐይቅ ዳር፣ ስለ ጠርዙ ያልሽው ሁሉም ሰው ሊያነበው የሚገባ ነው። የውኃ ጠብታው ላይ ግን አንድ እርማት አለኝ። ሐዋሳም አዳማም ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ነው። ጠብታው ፈላ ማለት መቶ ደረሰ ማለት አይደለም። ደግሞም ጠብታው ዝቅተኛውን እንጂ ላይኛውን አይነግርሽም፤ 200 ዲግሪ ላይም ይፈላል።

የአዳማዋ፣ የግንባር መለኪያው የተሠራው ለሰው ገላ ሙቀት ብቻ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። ኤሌክትሪሻኖችና የፍሪጅ ጠጋኞች ሽጉጥ የሚመስል የኢንፍራሬድ መለኪያ አላቸው፤ ተዋሺ። ስትለኪ ግን የሚያብረቀርቀውን ብረት በቀጥታ አትለኪ፤ አንጸባራቂ ብረት ከእውነተኛው ሙቀቱ አሳንሶ ያሳያል። ካናቴራው ከታሰረበት በኋላ ጨርቁን ለኪ፤ ፕላስቲኩን የሚነካውም ጨርቁ ነው።

ኦራኮቨር ዓይነት ከሆነ ለማጣበቅ 100 ዲግሪ ገደማ፣ ለማኮማተር 150 ገደማ ይበቃዋል። ሞኖኮት ከሆነ ከፍ ይላል፤ ለማጣበቅ 135፣ ለማኮማተር 175 አካባቢ። የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ ከታች ጀምሪ፤ ካልተንቀሳቀሰ አሥር አሥር ዲግሪ እየጨመርሽ ተመልከቺ። የፀጉር ማድረቂያ ለዚህ ሥራ ይደክማል።

ለጠቆረው እንጨት የበቆሎ ስታርች ወይም የሕፃናት ፓውደር ነስንሺበት፣ በላዩ ሶፍት አድርገሽ ካውያውን በዝቅተኛ ሙቀት አሳርፊ። ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ዱቄቱ ይመጠዋል። ቡናማ የሆነውን ዱቄት አራግፈሽ አዲስ ነስንሺ፤ ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪቀር መደጋገም ነው።

---

እንጨት ሠሪ (አዳማ)

እኔ የቤት ዕቃ ነው የምሠራው፤ ሞዴል ሠርቼ አላውቅም። ነገር ግን ይህ ዶፕ የምትሉት ነገር መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ከሆነ፣ እኛ ቁም ሳጥን የምንቀባው የናይትሮ ላከር ዘመዱ መሰለኝ። ለወረቀቱ ጥገና ያገለግል ይሆን? ከሆነ ወደ ወርክሾፔ ብቅ በይ፤ ለጥቂት ማንኪያ ገንዘብ አልጠይቅሽም።

---

ጡረተኛው መካኒክ

ወንድሜ፣ ዓይንህ ሙያ ያውቃል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። የዕቃ ላከር እንደ ዶፕ ወረቀት አይወጥርም፤ ለዚህ ሥራ ግን ያ ጥቅም ነው። ዶፕ ከደረቀ በኋላም ለዓመታት ቀስ እያለ መኮማተሩን ይቀጥላል፤ የድሮ ክንፎች የሚጣመሙት በዚህ ነው። በደከመ አጽም ላይ አዲስ የሚወጥር ዶፕ መደረብ ክንፉን ያጣምመዋል። የማይወጥር ይሻለናል። በራሱ ቲነር በደንብ ይቅጠን፤ ሲደርቅ እንዳይሰባበር ጥቂት ጠብታ የጉሎ ዘይት ይግባበት። በቢጫው ላይ ያስቸገረን ዘይት እዚህ መድኃኒት ነው፤ ድሮም ዶፕ ውስጥ የሚጨመረው እሱ ነበር።

ልጄ፣ አጣጣፉ እንዲህ ነው። ስስ የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ያለ ጽሑፍ ፈልጊ። ቀለሙ ከአሮጌው ጋር እንዲስማማ ስኳር በሌለው ጥቁር ሻይ ውስጥ ነክረሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርቂው። ባለ ቀለም ወረቀት ከሆነ ሲነከር ራሱ ቀለም ይለቃልና ቀድመሽ ቁራጭ ሞክሪ። ወረቀት እንደ ጨርቅ አቅጣጫ አለው፤ ስትቀጂው በአንደኛው በኩል ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በሌላኛው ይንሻፈፋል። ቀጥ የሚለውን ከክንፉ ርዝመት ጋር አስተካክዪ። ልጣፉን በመቀስ አትቁረጪው፤ ዙሪያውን በእጅሽ ቀደሽ አውጪው። የተቀደደ ጠርዝ እየሳሳ ስለሚያልቅ ከአሮጌው ጋር ሲዋሐድ መስመር አይታይም። ከቀዳዳው በየዳሩ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ይለፍ።

የተቀደደውን ቦታ መጀመሪያ ሁለቱን ከንፈሮች አገናኝተሽ በቀጭን ልጣፍ ያዢው። ማጣበቂያው በውኃ እኩል የቀጠነ ነጭ ኮላ ይሁን፤ ላከሩን በዋናው ሽፋን ላይ ካበዛሽው የድሮውን ዶፕ ያለሰልሰዋል። ኮላው ሲደርቅ በልጣፉ ላይ ብቻ አንድ ስስ ላከር ቀቢ፣ ብሩሹንም አትመልሺው።

ቀኑን ምረጪ። እርጥበት ባለው አየር ስትቀቢ ቲነሩ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ከአየሩ ውስጥ ውኃ ይዞ ነጭ ጉም ይለብሳል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወይም በክረምት ያስቸግር ነበር። አዳማ ከጥቅምት ጀምሮ ደረቅ ነው፤ ችግራችሁ ነፋሱ ነው፣ አቧራውን አንሥቶ እርጥቡ ላይ ይለጥፈዋል። ማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ጨርሺ። ከሁሉም በላይ እሳት። ናይትሮሴሉሎስ የድሮ የሲኒማ ፊልሞች ይሠሩበት የነበረ ነገር ነው፤ ከያዘ አይጠፋም። ቡና የሚፈላበት ከሰል በዚያ ቤት ባለበት ሰዓት የላከሩ ክዳን እንዳይከፈት።

---

ክንፈ ነፋስ

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ተንሸራታቹ አይገፈፍ ከሚሉት ጋር ነኝ። ቢጫው ላይ ግን አቋሜ አልተለወጠም፤ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ሽፋን በጠቆረው እንጨት ላይ አይይዝም። ቢያንስ ያንን ቁራጭ አንሥተሽ ዘይቱን አድርቂ። አዲስ የምትለጥፊው ቁራጭ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይሂድ፤ የላይኛው የታችኛውን ከደረበው መገናኛው ከላይ ሲታይ አይለይም።

---

የአዳማዋ

ክንፈ ነፋስ ያልከው ደረሰ፤ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ራሱ ተላቆ ነበር፣ እንጨቱ በስታርች ነጣ። የተነሣውን ሽፋን አልጣልኩትም፤ ማጣበቂያው በካውያ ዳግም ስለያዘ እሱኑ መለስኩት። ለማኮማተር የሠራው 150 ዲግሪ ነው። ክንፉ ተወጥሯል፤ በአንድ ቦታ የቀረው ስንጥቅ እንዳለ ይኖራል።

የተንሸራታቹ ልጣፎች በሻይ ቀለም ከአሮጌው ትንሽ ይደምቃሉ፤ በቅርብ የሚያይ ሰው ይለያቸዋል። ቅርስ ወዳድ፣ እንዲለይ መሆኑ ይሻላል ትለኝ እንደሆነ እገምታለሁ። እንጨት ሠሪው ላከሩን ሰጥቶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ግራ 3ኛ» አሁንም ይነበባል።

የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው። የት ላስቀምጣቸው? የሞተሩስ መዘውር በእጅ አልዞር ብሏል፤ ልጫነው?

---

ቅርስ ወዳድ

እንዲለይ መሆኑ ይሻላል፤ በትክክል ገምተሻል። ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮትና ከወጥ ቤት አርቀሽ አስቀምጪያቸው። ፀሐይ ቢጫውን ያደበዝዘዋል፣ ወረቀቱን ያደርቀዋል። ወደ ኮርኒሱ ግን አትመልሻቸው፤ ከቆርቆሮ ሥር ቀን የሚግለው ሌሊት የሚቀዘቅዘው አየር ነው እንጨቱን እያላላ እያጠበቀ ሽፋኑን ያሸበሸበው። ተንሸራታቹን በክንፉ ጫፎች አታስደግፊው፤ ክንፉ ከገላው አጠገብ በሁለት በኩል ለስላሳ ነገር ላይ ይረፍ።

---

ጡረተኛው መካኒክ

መዘውሩን አትጫኚው፤ ውስጡ ያለው ያው የደረቀ የጉሎ ዘይት ነው፣ ብረቱ አይደለም የተያዘው። ሞተሩን ፈትተሽ አውጪው፤ አውሮፕላኑ ላይ እንዳለ ካሞቅሽው ያጸዳሽው ሽፋን ይጎዳል። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያው እዚህ ይጠቅማል፤ ብረቱ እጅ እስኪያቃጥል አሙቂው፣ በጨርቅ ይዘሽ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ ቀስ እያደረግሽ ሞክሪ። ሲላላ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት በሻማው ቀዳዳ ጨምሪበትና አዙሪው።